እስትንፋስ የሌላት ጉጉት

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ገብሱ ታጭዶ አልቆ፣ የሞላሌ ብርድ ሰውን ከምድጃ አላላቅቅ ያለበት ሰሞን ነበር። እኔ ልርሳው ብል እንኳ ስልኬ አያስረሳኝም፤ ድምፁ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ልጆቼ «እማዬ፣ ሰርዢውና ይውጣልሽ» ይሉኛል። እጄ ግን እሺ አላለኝም።

አስካለ እባላለሁ፤ ሞላሌ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኞቼ «ምላስሽ ከመቀስሽ ይስላል» ይሉኛል፤ አልዋሹም። አባቴ ግን ልዝብ ሰው ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለችው የማርያም ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪውም ጎረቤቱም «የኔታ» ይላቸዋል። እኔ «አባባ» ነበር የምላቸው።

አባባ ዜማ የሚያስተምሩት ከወፍ ጀምረው ነው። «ዜማን መጀመሪያ የተቀበልነው ከወፍ ነው» ይሉ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተማሪዎቹን ከየጎጇቸው ያስወጡና ግድግዳውን ተደግፈው እንዲቀመጡ ያደርጋሉ። ማንም አይተነፍስም። ከገደሉ በኩል አንዷ ወፍ ድምፅ ስታሰማ በመቋሚያቸው አንዱን ነካ አድርገው «ይቺ ማናት?» ይላሉ። ወፏን በድምጿ ያልለየ ተማሪ ያን ቀን አዲስ ዜማ አይቀበልም፤ የትናንቱን ሲከልስ ይውላል።

ቁራ ዕዝል በሚባለው የዜማ ስልት ታዜማለች ይላሉ፤ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ከደረቷ ነው የምታወጣው። ዋኖስ በአራራይ ናት፣ ታባብላለች። ጩኸት ብቻ የሆነችውን ጋጋኖን ግን አይወዷትም፤ «መቅደስ ሳይገባ ቀዳሽ ነኝ የሚል ሰው ማለት ይቺ ናት» ይላሉ። ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በቀጭን ድምፅ የምትዘምር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። የአገሩ ሰው ሁሉ ድንቢጥ ነው የሚላት። እሳቸው ግን ከድንቢጥ ለይተው «ዲያቆኗ» ብለው ስም አውጥተውላታል። እኔም በዚያ ግድግዳ ሥር ነው ያደግሁት፤ ዜማ ባልማርም ወፎቹን በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ።

በአገራችን ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል ይባላል። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ጉጉት በሰሙ ቁጥር ያማትባሉ፣ እንትፍ እንትፍ ይላሉ፣ ከዚያ ማን እንደታመመ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ። አባባ ይስቁባቸዋል። «ወርቄ፣ ጉጉት የመጣችው አይጥ ፈልጋ ነው። አንቺን ብትፈልግ ኖሮ በቀን ትመጣ ነበር፣ ቤትሽን መች አጣችው?» ይሏቸዋል። በወፍ ገድ የሚያይ ሰው ካህን ከሆነማ ጭራሽ አይምሩትም፤ ሕዝብ ፊት ነው የሚገሥጹት።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። መጀመሪያ ደበቁን። ልብሳቸው ሲሰፋቸው ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ቀሚሳቸውን ከዓመት በፊት በልካቸው የሰፋሁት በገዛ እጄ ነዋ። ለምኜም ተቆጥቼም ደብረ ብርሃን ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ሆዳቸው ውስጥ እብጠት እንዳለ፣ ቶሎ በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት ነገረን። ለኅዳር መጨረሻ ቀጠሮ ተሰጠን። አባባ መቼም ቢላዋ ፈርተው ሲያቅማሙ ሰንብተው፣ በመጨረሻ «እሺ፣ አንቺ አብረሽኝ ከሆንሽ» አሉ። ያቺን እሺታ ለማግኘት ስንት ቀን እንደተጨቃጨቅን እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

ቀጠሮው ሲቃረብ ጓዝ ላሰናዳላቸው እሳቸው ቤት ሰነበትኩ። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ፣ አባባ የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ከውስጥ ነጠላቸውን አጣጥፋለሁ። ያኔ ከገደሉ ማዶ ጉጉት ጮኸች።

እትዬ ወርቄ ከአጥራቸው ውስጥ «በስመ አብ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ስለ አይጧ ሊነግሯቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ። አባባ ግን ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ያዳምጡ ነበር።

በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ጮኸች። በሦስተኛው ምሽት አባባ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ስሚ» አሉኝ። ሰማሁ። ጉጉት ናት። «ምን ሰማሽ?»

«ጉጉት ነቻ፣ አባባ።»

«ደግመሽ ስሚ። ትንፋሽ ትወስዳለች?»

አደመጥኩ። እውነትም የሆነ የሚቀር ነገር አለ። ትጮኻለች፣ ታቆማለች፣ ደግሞ ትጮኻለች። ግን የመጀመሪያውና የኋለኛው አንድ ነው፤ ከፍ ዝቅ አይልም፣ አይሰለችም።

«እዚያው ጀመረች፣ እዚያው ጨረሰች» አሉ አባባ። ድምፃቸው ሲያስተምሩ የሚያወጡት ድምፅ ነበር። «ጉጉት ስትጣራ ቆም ብላ መልስ ትጠብቃለች፣ ካጣች ቁጣ ይገባበታል። ይቺ ማንንም አትጠብቅም። ፍጥረት የሆነ ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይጮህም፣ አስካለ። እስትንፋስ ያለው ሁሉ ይደክመዋል።»

«እና ምን ለማለት ነው?»

«እናማ ፍጥረት አይደለችም። የተላከች ናት።»

ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ተከናነብኩ። ብርዱ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁት። «አባባ፣ ራስዎ አይደሉ እንዴ ጉጉት አይጥ ፈልጋ ነው የሚሉት?» አልኳቸው።

«እሱ ለጉጉት ነው» አሉኝ። «ይቺ ጉጉት አይደለችም።»

ደብረ ብርሃን መሄዱ በዚያው ቀረ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ። «ተጠርቻለሁ። ነፍሴን መንገድ ላይ አታስወጪኝ፣ ከማርያም ደጅ አታርቂኝ» ብቻ ሆነ መልሳቸው። የንስሐ አባታቸው መጥተው «ኧረ የኔታ፣ ይህ ከእርስዎ አይጠበቅም» ቢሏቸውም አልሰሙም። ሌላ ሰው ገድ ቢያይ መክረው ይመልሱታል፤ ጆሯቸውን ግን ማን ይመልስላቸው? ዕድሜያቸውን ሙሉ አልዋሻቸውም። ቀጠሮው እኔ እያየሁት አለፈ።

ከሁሉ ያናደደኝ ደስ ብሏቸው መሰንበታቸው ነው። ሲያማቸው ሌሊቱን ሲገላበጡ የሚያድሩ ሰውዬ ጥሩ እንቅልፍ መተኛት ጀመሩ። ንስሐቸውን ጨረሱ፣ የሕሙማን ቅባት የሆነውን ቀንዲል ተቀቡ። ከደብሩ አለቃ ጋር ስንት ዘመን የቆየ ቅያሜ ነበራቸው፤ አባባ አስጠርተዋቸው እግራቸው ላይ ወደቁ፣ ሁለቱም አለቀሱ። ተማሪዎቻቸውን ራቤል አካባቢ ለሚያስተምሩ ለአንድ ወዳጃቸው አደራ ብለው ሸኙ። ግድግዳው ሥር የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ወፎቹ በየማለዳው ይንጫጫሉ፤ ማናት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ እኔን ጠሩኝ። «መግነዜን አንቺ አሰናጂልኝ። ጠርዙን በደንብ ቀምቅሚው፣ ክር እንዳይንጠለጠል» አሉኝ።

«እኔ ሱሪና ቀሚስ ነው የምሰፋ» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ቀሚስ ስትሰፊልኝ ኖረሻል። ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አሉኝ።

ሞላሌ ተመለስኩና ነጭ አቡጀዲ ገዝቼ ሱቄን ከፈትኩ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ጨርቁን ዘርግቼ፣ ለክቼ፣ አንዱን ጠርዝ ቀምቅሜ ሌላውን ልጀምር ስል አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ጎልማሳ ነው፣ ጺሙን አሳድጓል፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። የአገራችን ሰው አለመሆኑ አረማመዱ ላይ ያስታውቃል።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ፣ ለዚህች ልክ የሆነ ከረጢት ትሰፊልኛለሽ? የድሮው ተቀዶብኝ ነው» አለኝና ከቦርሳው አንዲት ድቡልቡል ጥቁር ነገር አወጣ። የሻይ ብርጭቆ ታክላለች።

ሰው ለማናገር አልፈለግሁም ነበር። ግን ሥራ ሥራ ነው፤ ልኳን ስወስድ «ምንድን ናት?» አልኩት።

«ወፍ መጥሪያ ናት» ብሎ ሳቀ። ናሆም እንደሚባል፣ ወፍ የሚያጠና ባለሙያ እንደሆነ፣ ከመንዝ እስከ ግሼ እየዞረ የትኛው ወፍ የት እንዳለ እንደሚመዘግብ ነገረኝ። ወፍ ሁሉ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ድምፁን ከስልኩ በዚህች ማጉያ ያሰማና መልስ ይጠብቃል። ካለች ትመልስለታለች።

ያላመንኩት መሰለውና ስልኩን ነካ አደረገ። ከጥቁሯ ነገር ውስጥ ቆቅ ጮኸች። «ቆቅ» አልኩ። ገረመው። ሌላ አስጮኸ። «ዋኖስ።» ሌላ ጨመረ። ያቺ የገደሉ ቀጭን ድምፅ ሱቄ ውስጥ ስትሰማ ደነገጥኩ። «ይቺ ዲያቆኗ ናት» አልኩት።

«ማን አልሽ?»

«አባቴ ያወጡላት ስም ነው።»

«ይቺን የሚለይ ሰው እዚህ አገር አግኝቼ አላውቅም» አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ ገደሎች በቀር ሌላ ዓለም ላይ እንደማትገኝ ነገረኝ። ጨዋታው ጥሞት ነበር፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ቀለል ብሎኛል። «እሺ፣ ይቺንስ?» ብሎ አንዱን ነካ።

ጉጉት ጮኸች።

እዚያው ጀመረች፣ እዚያው ጨረሰች። ደግማ ጮኸች። ትንፋሽ አልወሰደችም።

«አጥፋው!» ብዬ ጮኽኩ። አጠፋው። «ይህን የት ነው ያስጮኽከው?»

«ምነው፣ ምን ሆነሻል?»

«የት ነው ያስጮኽከው አልኩህ!»

«ገደሉ ላይ ነዋ፣ ከማርያም ማዶ። ኅዳር ላይ ለተወሰኑ ምሽቶች» አለኝ።

ቁጭ እንዲል ወንበር ሳብኩለት፤ ከዚያ እኔ ራሴ ተቀመጥኩበት። ሁሉንም ነገርኩት፣ የተሰፋውን ጠርዝ አንስቼ አሳየሁት። ሰውዬው ፊቱ ልውጥውጥ አለ። «ጉም ነበር፣ እህቴ፣ ከማዶ ቤት መኖሩ አልታየኝም። ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃዎች ተናግሬ ነው የገባሁት፣ ለሰፈሩ ሰው መናገር እንዳለብኝ ግን አላሰብኩም» አለ። ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁትም፤ መግነዙን ማሽኑ ላይ እንደተዘረጋ ትቼ እጅጌውን ይዤው ወጥቻለሁ። ሱቄን መዝጋቴን እንኳ አላስታውስም።

ስንደርስ ገና ፀሐይ ነበረች። አባባ ተኝተዋል፤ ከስተዋል፣ ፊታቸው ግን የሰላም ፊት ነው። «አባባ፣ እንግዳ አምጥቻለሁ። ያቺን ጉጉት ይዞልዎት መጥቷል» አልኳቸው። ሌላ መግቢያ አላገኘሁም።

ናሆም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ስልኩን አወጣ። ጉጉቷ በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ውስጥ ጮኸች። እትዬ ወርቄ በር ላይ ደርሰው ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ቆሙ።

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጣታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ምት ይመታል። ሲያበቃ «ድገመው» አሉ። ደገመው።

«ይቺ የእኛ አገር ጉጉት አይደለችም» አሉ።

«አይደለችም፣ አባቴ። ድምፁ የተቀዳው ኬንያ ነው» አለ ናሆም።

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» አሉ፤ ለራሳቸው ነው የሚናገሩት። «እስትንፋስ የላትም ያልኩት ልክ ነበር። አየሽ አስካለ፣ ልክ ነበርኩ።» ከዚያ ወደ ናሆም ዞሩ። «ታዲያ የእኛዎቹ መለሱልህ?»

ናሆም ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አልመለሱልኝም። ይህንን ገደል ሙሉ ዞሬበታለሁ። ምናልባት የአይጥ መርዝ ይሆናል፤ መርዝ የበላ አይጥ በልተው የሚሞቱ ብዙ ናቸው። ከሌላ ቦታ ሊመጡ ግን ይችላሉ» አላቸው።

አባባ ከአልጋቸው ትንሽ ቀና አሉ። «ከመቼ ወዲህ ነው ያልሰማኋቸው?» አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ወፍ ያዳመጠ ጆሮ የጉጉቶቹን ዝም ማለት አላስተዋለም ነበር። እኔም እንደዚያው። እትዬ ወርቄ እንኳ የሚያማትቡበት ነገር እንዳጡ ልብ አላሉም።

«እና እኔን ማንም አልጠራኝም?» አሉ አባባ።

«ማንም አልጠራዎትም፣ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ» አለ ናሆም።

ይቅር ይበልህ አሉት። ሲወጣ «ለልጄም ድምፁን ስልኳ ላይ አስቀምጥላት፣ የእኛዎቹ ሲመጡ አመሳክራ ትለያቸው» ብለው አዘዙት። እሱም የተለየ ድምፅ ከሰማሁ እንድደውልለት አደራ አለኝ። እኔ በደስታ ሰክሬ ነበር። አባቴን ከሞት አፍ ነጥቄ ያወጣሁ ነው የመሰለኝ።

ያን ሌሊት አባባ አልተኙም። በማግሥቱም አልተኙም። ሳያቸው ፊታቸው ላይ የነበረው ሰላም የለም። ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ተጠርቻለሁ ብለው ሲያምኑ ሞትን አልፈሩትም ነበር፤ ጠሪው ያውቃቸዋል፣ ሰዓቱን ቆርጦላቸዋል። አሁን ግን ማንም ያልጠራቸው፣ ሆዳቸው ውስጥ እብጠት ያለባቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ፍርሃቱ ያኔ መጣ። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ ፈርተው ያላየኋቸው አባቴ መብራት አታጥፊብኝ አሉኝ።

ደብረ ብርሃን እንሂድ ስላቸው እሺ አሉ፤ መንገዱ ግን እንደ ልብ የሚኬድበት አልነበረም። መኪና እስኪገኝ ጠብቀን ደረስን። ሐኪሙ እንደገና አያቸው፣ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። እብጠቱ ተዛምቷል፣ ቢከፈቱ ስቃይ ነው እንጂ ትርፍ የለውም አለኝ። «በቀጠሮው ቀን ብንመጣ ኖሮስ?» አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ ዓይኔን እያየ «አላውቅም» አለኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ ቃል ወዲያ ማዶ መሻገር አልቻልኩም። ያጣናቸው ቀናት አባቴን ገድለዋቸው እንደሆነ፣ ወይም ምንም አላመጡ እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። ሱቄን እየዘጋሁ ከሳቸው ዘንድ መዋል ማደር ሆነ። በየምሽቱ፣ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ፣ «ጮኸች?» ይሉኛል። መጀመሪያ ስለ ወፎቹ ተጨንቀው መስሎኝ «አልጮኸችም፣ አይዞዎት» እላቸው ነበር። እንደማጽናናቸው ነው የማስበው። ቀስ በቀስ ግን መልሴን በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንደሚያዞሩ አየሁ። እሳቸው የሚፈልጉት መልስ ሌላ ነበር።

መጋቢት ሲገባ አቅማቸው አለቀ። ስቃዩ ከፋ፤ ከስቃዩ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነው። የንስሐ አባታቸው ከአጠገባቸው አይለዩም፣ ጸሎት ይደግሙላቸዋል። አባባም አብረው ይላሉ፣ ከዚያ እጄን ይፈልጋሉ። አንድ ምሽት ድምፃቸው ሊሰማ አልቻለም፤ ጆሮዬን አፋቸው ላይ አድርጌ ነው የሰማሁት። «ጮኸች?»

ተነሥቼ ወጣሁ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ተማሪዎቹ ይቀመጡበት የነበረው ግድግዳ ሥር ቆምኩ። ገደሉ ጭጋግ ብቻ ነው። ስልኬን አወጣሁና ድምፁን የቻለውን ያህል ከፍ አደረግሁት። ኃጢአት እንደሆነ ወይም ጽድቅ እንደሆነ ማሰብ አልፈለግሁም። ነካሁት። ጉጉቷ ጮኸች። ደግማ ጮኸች። አጥፍቼ ዓይኔን ጠርጌ ገባሁ።

አባባ ዓይናቸውን ገልጠው ይጠብቁኛል።

«ትንፋሽ አልወሰደችም» አሉ።

እግሬ ሥር ያለውን መሬት ሳይ እጃቸው እጄን ሲፈልግ ተሰማኝ። «ቢሆንም ጠርታለች» አሉኝ። «ከወለድኳት ልጄ አፍ ነው የጠራችኝ። በቃኝ።»

ተኙ። እንደዚያ ኅዳር ላይ እንደሚተኙት ተኙ። ጠዋት ዋኖሶቹ ሲጀምሩ አረፉ።

ያን ቀን ሰው ተልኮ ከሱቄ ያቺን ነጭ አቡጀዲ አመጣልኝ። አንዱ ጠርዝ ብቻ ነበር የተቀመቀመው። ሌላውን ሰዉ እያለቀሰ በእጄ ጨረስኩት፣ ክር አልተንጠለጠለም። ናሆም ለቅሶ ለመድረስ ከሩቅ መጣ። ከሰዉ ኋላ ቆሞ አየሁት። «አንተ ምን አደረግህ፣ አይዞህ» አልኩት። ከልቤ አልነበረም። አሁን ግን ከልቤ ሆኗል፤ ጊዜ ወስዶብኛል እንጂ።

እሱ አንዳንድ ጊዜ ይደውላል። «ጉጉት ሰማሽ?» ይለኛል። «አልሰማሁም» እለዋለሁ። እትዬ ወርቄ በበኩላቸው «ጉጉት ጠፋች፣ ተገላገልን» ይላሉ። ሰው ግን መሞቱን አልተወም፤ ከፋሲካ ወዲህ ብቻ ስንት ቀብር ወጣን።

አባቴን ከሞት አፍ አወጣሁ ብዬ የተደሰትኩባት ያቺ ቀን እስከ ዛሬ ታመኛለች። እውነቱን ባላመጣባቸው ኖሮ ሳይፈሩ ይሞቱ ነበር። ባላመጣው ደግሞ በውሸት ይሞቱ ነበር። የቱ ይሻል እንደነበር ስንት ጊዜ ጠይቄ አልተመለሰልኝም። ስልኬ ላይ ያለውን ያልሰረዝኩትም ለዚህ ይመስለኛል። ለጊዜው በእኛ ገደል ያለችው ጉጉት እሷ ብቻ ናት።

ወደ አባባ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሲመሽ ከግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ። ጎረቤቶች ምን እንደምጠብቅ አይገባቸውም፤ እኔም አልነግራቸውም። አንድ ቀን ከገደሉ ማዶ አንዷ ብትጮህ አላማትብም። ዝም ብዬ አዳምጣለሁ፣ ትንፋሽ እስክትወስድ።